ስለ ወጥ ቤትዎ ምርቃትና ስለ ጣሪያችን

ለተከበሩ አቶ ቦጋለ
የብሎካችን የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት (ይኸውም ሦስተኛ ፎቅ፣ ከእኛ ራስ በላይ)

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የባለቤትዎን የወይዘሮ ሊሊን ጤንነት እጠይቃለሁ። ሰላምታዬ ለወጉ ያህል የተጻፈ እንዳይመስልዎ፤ በዚህ በሀይሌ ጋርመንት ኮንዶሚኒየም ውስጥ የእርስዎን በሰላም መቆም እንደ እኔ አጥብቆ የሚመኝ ሰው አይገኝም፣ የቆሙበት ወለል የእኔ ጣሪያ ነውና። እኛም፣ ማለትም ባለቤቴ ሁንዴሳ፣ የሰባት ዓመቷ ልጃችን ፌኔትና እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ይህ ደብዳቤ እስከተጻፈበት ሰዓት ድረስ ደህና ነን። ከዚያ ወዲያ ስላለው ለመናገር አልደፍርም።

ጉዳዩን በአካል ላስረዳዎ ደረጃውን ደጋግሜ ወጥቼ ነበር። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ነዎት ተባልኩ፤ ሌላ ቀን እንቅልፍ ላይ ነዎት ተባልኩ፤ በመጨረሻው ቀን ደግሞ በሩ ሳይከፈት ከውስጥ የእርስዎው ድምፅ "የለም በያት" ሲል ሰማሁ። በራስዎ አንደበት አለመኖርዎን ስላረጋገጡልኝ እያመሰገንኩ፣ ይህን ጽሑፍ በሕንፃው መግቢያ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ በብሎካችን የቴሌግራም ግሩፕም አስቀምጬዋለሁ።

ወደ ቅሬታዬ ከመግባቴ በፊት እንኳን ደስ ያለዎ ማለት ይገባኛል። ከክረምቱ በፊት የተጀመረው የወጥ ቤትዎ እድሳት እነሆ መጨረሻው ላይ ደርሷል። በወጥ ቤቱና በሳሎኑ መካከል የነበረው ግድግዳ ፈርሶ፣ ሰው ሁሉ አሁን "ኦፕን ኪችን" የሚለው ዓይነት ሆኗል አሉ። ነጭ ካቢኔቶቹ ተገጥመዋል፤ ከመሀል የሚቆመው የግራናይት ጠረጴዛም ገብቷል። ግራናይቱ በገባ ዕለት የተሸከሙት ሰዎች እኛ በር ላይ አርፈው ትንፋሽ ሲሰበስቡ አይቻለሁ፤ አንደኛው ግድግዳውን ተደግፎ "ይሄን ፎቅ ላይ የሚያወጣ ሰው ምን ነክቶት ነው" ሲል ጓደኛው በክርኑ ጎሸም አደረገው። በዚህ ሁሉ ላይ የእሁዱ የምርቃት ጥሪ ካርድ ደርሶናል። ቄስ መጥተው ጸበል እንደሚረጩ፣ ምሳም እንዳለና ብሎኩ በሙሉ ያለ አንዳች መቅረት እንዲገኝ መጠራቱን አንብበን በአክብሮትዎ ተነክተናል።

እንግዲህ በፈቃድዎ፦

፩ኛ. ስለ ምሰሶው። ባለ ሁለት በሩ ፍሪጅ ከታሰበለት ቦታ አልገባ ሲል፣ ሌላ ሰው ቢሆን ፍሪጁን ይቀይር ነበር። እርስዎ ግን ያደረጉት ምሰሶውን ማሳሳት ነው። ይህ ምሰሶ፣ ሠራተኞቹ ኮለን የሚሉት፣ ከምድር ተነስቶ ከእኛ በታች በሚኖሩት በአቶ በንቲ ቤት፣ ከዚያም በእኛ ቤት በኩል አልፎ ወደ እርስዎ የሚወጣ፣ ከእርስዎም በላይ ያሉትን የሚሸከም ነው። እኔ ይህን ያወቅሁት ከፎርማኑ ከዮኒ ነው። ሥራውን ጥሎ በሄደ ዕለት የመሣሪያ ከረጢቱን እንደተሸከመ በራችንን አንኳኩቶ ውሃ ጠየቀኝ፤ ጠጥቶም ቶሎ አልሄደም። "እህቴ፣ ያንን ኮለን እኔ አልነካሁትም። እምቢ ስላቸው ሌላ ሰው አምጥተው አስጠረቡት። ፌሮው ወጥቶ ነበር፤ አሁን በጂፕሰም ሸፍነውታል፣ ብታይው አታውቂውም" አለኝ። ጂፕሰሙ በጣም ያማረ ነው አሉ፤ ጫፍ ጫፉ ላይ የአበባ ቅርጽም አለው። ለተጠረበው ምሰሶ የተደረገለትን ይህን ያህል ጌጥ በመስማቴ ልቤ ተነክቷል።

፪ኛ. ስለ ድጋፉ። ዮኒ ከመሄዱ በፊት ከምሰሶው አጠገብ ጠንካራ የባሕር ዛፍ እንጨቶች አቁሞ ነበር። የሚያውቅ ሰው መጥቶ እስኪያይ ድረስ እንዳይነሱ ለምኖ ነበር የሄደው። በነጋታው ግን ወጥ ቤቱ ፎቶ ሊነሳ ስለነበርና እንጨቶቹ ለዓይን ስለሚያስጠሉ እንዲነሱ ታዘዘ። ፎቶዎቹን ወይዘሮ ሊሊ በግሩፓችን ላይ አካፍለውን አይተናል። እውነትም ያምራሉ፤ እንጨቶቹም ለማገዶ ስለተሰጡ የወሰዷቸውን ወክዬ አመሰግናለሁ።

፫ኛ. ስለ ስንጥቁ። ከግራናይቱ ጠረጴዛ ጋር አብሮ የመጣው የእቃ ማጠቢያ ገንዳ ቧንቧ ስላስፈለገው ወለልዎ ተቦርቡሯል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእኛ ጣሪያ ላይ ከወጥ ቤቱ ጥግ እስከ ሳሎኑ አምፖል የሚደርስ መስመር ወጣ። ፌኔት ወንዝ ነው ብላ አዋሽ የሚል ስም አውጥታለታለች። እርስዎ ስቱኮ የሚቀባ ሰው ልከው አስደፈኑልን፣ እግዜር ይስጥልን፤ ሳምንት ሳይሞላው ግን በዚያው መንገድ ተመለሰ፣ አሁን ደግሞ ገባር አበጅቷል። "ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል" ይባላል፤ በስንጥቁ በኩል እስካሁን የገባው አቧራና የእርስዎ የእቃ ማጠቢያ ውሃ ብቻ ነው። ምሳ ስንበላ ሰሃኑን በክዳን እየሸፈንን ነው የምንጎርሰው። የወጥ ቤታችን በር መዘጋት አቁሟል፤ የመታጠቢያ ቤቱ ደግሞ አንዴ ከተዘጋ ሁንዴሳ ካልገፋው አይከፈትም። የሳሎኑ መስኮት መስታወት ማንም ሳይነካው በጠራራ ፀሐይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰነጠቀ።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። መዶሻና መቁረጫ ማሽን ራሳችን ላይ ሲጮህ በነበረ ጊዜ ስንት ጊዜ ተራግሜያለሁ። አሁን ጸጥ ካለ ወዲህ ግን ያ ጩኸት ናፍቆኛል። ሥራው ሲያልቅ ሌላ ድምፅ መስማት ጀምረናል፤ እርስዎ ሲራመዱ አይደለም፣ ማንም ሳይራመድ ነው። እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ ይልና ዝም ይላል። ፌኔትን ከሳሎኑ አንስተን ከእኛ ጋር መኝታ ቤት አስተኝተናታል፤ ለምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ በረዶ ሊጥል ነው አልኳት።

፬ኛ. ስለ አቤቱታዬ ጉዞ። ጉዳዩን ያያል ወደተባለ መሥሪያ ቤት ሄጄ ስንጥቁን በስልኬ አሳየሁ። አንድ ትሁት ባለሙያ ፎቶውን ገልብጠው ሁሉ አይተው፣ መጥተው ሊመለከቱ እንደሚችሉ፣ ነገር ግን አቤቱታው በነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ ተፈርሞ መቅረብ እንዳለበት ነገሩኝ። ሰብሳቢው እርስዎ ነዎት። የደህንነት ንዑስ ኮሚቴውንም ሰው ስለጠፋ ደርበው የሚመሩት እርስዎ ነዎት። ተከሳሹም፣ ዳኛውም፣ አቤቱታውን ፈራሚውም አንድ ሰው በሆነበት በዚህ አሠራር እኔም የተዘለልኩ እንዳይመስለኝ፣ ጉዳዬን በስብሰባው መጨረሻ "ልዩ ልዩ" በሚለው ርዕስ ሥር አስገብተውልኛል። ውይይቱንም ሰምቻለሁ። እኔ እንዲያው እንደ እርስዎ ያለ ወጥ ቤት አምሮኝ እንጂ ሌላ ነገር እንደሌለብኝ፣ ቅናት ደግሞ በሽታ መሆኑን አንድ አባል አብራርተዋል፤ እርስዎም በአባታዊ ርኅራኄ "ተዉአት፣ ሴት ናት፣ ያልፍላታል" ብለዋል። በነጋታው ከሥራ የተረፈ፣ የአበባ ምስል ያለበት ሴራሚክ በካርቶን ተልኮልኛል። በአበባው ምስል ላይ ቅሬታ የለኝም። የት እንደምለጥፈው ግን ገና አልወሰንኩም፣ የሚለጠፍበት ነገር እስኪረጋ እየጠበቅሁ ነው።

፭ኛ. ስለ ጎረቤቶቻችን። ይህ በእርስዎ ላይ የቀረበ ሳይሆን በራሳችን ላይ የቀረበ ቅሬታ ነው፤ ቢሆንም ሰብሳቢያችን ስለሆኑ ሊሰሙት ይገባል። ስንጥቁን ያላየ ጎረቤት የለም። አንድ በአንድ እየመጡ፣ በሩ ከኋላቸው እንዲዘጋ እየጠየቁ፣ አንጋጠው አይተው ከንፈራቸውን መጠዋል። አቶ በንቲ ከታች ሲመጡ የእሳቸውም በር መዘጋት ማቆሙን፣ ልጆቻቸውንም ወደ ጓዳ ማዛወራቸውን በሹክሹክታ ነገሩኝ። እሁድስ ስላቸው፣ ዓይናቸውን ከጣሪያው ሳያነሱ "መቼም ተጠርቶ መቅረት ነውር ነው። ምን ይሉናል" አሉኝ። ሌላዋ ዘግይታ ገብታ ቶሎ ልትወጣ አስባለች። ሌላው ግድግዳውን ተጠግቶ እንደሚቆም ነገረኝ፤ የትኛውን ግድግዳ እንደሆነ ስጠይቀው የፍሪጁን አለኝ። አንዳቸውም ሊቀሩ አላሰቡም። ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ይፈራል፣ ሁሉም በእሁድ ልብሱ ከነልጆቹ ይመጣል። ይሉኝታ የሚባለው ነገር ስንት ሰው እንደሚሸከም አላውቅም፤ ያ ወለል ግን ያን ያህል የሚሸከም አይመስለኝም።

አቶ ቦጋለ፣ እዚህ ላይ ማሽሟጠጤን ትቼ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። እፈራለሁ። ሌት ተቀን እፈራለሁ። ምቀኛ መባሉ ያመኛል፣ ግን እችለዋለሁ፤ የማልችለው ያ ሁሉ ሰው፣ ያ ሁሉ ሕፃን በአንድ ክፍል ተጨናንቆ ቆሞ "አሜን" ሲል ነው። ምርቃቱ ይቅር አላልኩም። ጥሪው ወጥቷል፣ ቄሱም ቀጠሮ ይዘዋል። ቄሱ ከእርስዎና ከወይዘሮ ሊሊ ጋር ብቻ ወጥተው ጸበሉን ይርጩ፤ እንግዳው ግን ግቢው ውስጥ፣ በመሬቱ ላይ ይመገብ። ግቢያችን ሰፊ ነው፤ ወጥ ቤቱንም በየተራ ሁለት ሁለት ሰው ወጥቶ ማየት ይችላል። ከዚያ በፊት ደግሞ ያ ጂፕሰም በአንድ በኩል ይነሳና የሚያውቅ ሰው ይይልን። ምሰሶው ጤነኛ ከሆነ በብሎኩ ሕዝብ ፊት ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ፤ ቅናተኛ ነኝ ብዬም እፈርማለሁ። እንደዚያ ተሳስቼ ብገኝ ከእኔ የሚበልጥ ደስተኛ አይኖርም። "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" እንዳይሆን ነው የምጮኸው፤ ጅቡ ገና ስላልሄደ።

ይህ ልመናዬ እንደ ቀደሙት ሁሉ በ"ልዩ ልዩ" ሥር የሚገባ ከሆነ፣ እኔና ፌኔት እሁድ ከጠዋት ጀምሮ ፉሪ አክስቴ ዘንድ ስለምንውል በምርቃቱ ላይ ባለመገኘታችን አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስልኬ ክፍት ነው። ቀኑን ሙሉ በእጄ ይዤው እውላለሁ።

ወጥ ቤትዎ የሰላም፣ የጥጋብና የረጅም ዕድሜ እንዲሆን፣ ዕድሜውም ቢያንስ ከእሁድ እንዲያልፍ በመመኘት፣ ከእግርዎ ሥር የምትኖር፣ ኮቴዎን ሁሉ የምትሰማ፣ ጤንነትዎ የራሷ ጤንነት የሆነባት አክባሪዎ፣

ጸደንያ መኩሪያ
ሁለተኛ ፎቅ

ግልባጭ፦
ለብሎኩ ነዋሪዎች በሙሉ፣ አይተው እንዳላዩ ለሆኑት ጭምር

ማሳሰቢያ፦ ባለቤቴ ሁንዴሳ ግን ይመጣል። ስንጥቁን ከእኔ ቀድሞ ያየው፣ የልጃችንንም አልጋ ያነሳው እሱ ነው፤ ቢሆንም አባቱ ያረፉ ጊዜ እርስዎ ድንኳን ውስጥ አብረውት ስለተቀመጡ፣ "ሰውየው በሐዘኔ ቀን አልቀረብኝም፣ እኔ በደስታው ቀን እንዴት እቀራለሁ" ብሎ አስቸግሮኛል። ለምኜው ለምኜው ስላቃተኝ እርስዎን እለምናለሁ። መቼም ወጋችን ነውና የተከበረ እንግዳ ከደጅ አይቀመጥም፤ "ኧረ ወደ ውስጥ፣ ኧረ ወደ ውስጥ" እያላችሁ ወደ መሀል ትጎትቱት ይሆናል፣ እሱ ደግሞ እንቢ ማለት አያውቅም። የእሁድን ክብሩን ይንፈጉልኝና ከበሩ አጠገብ ያስቀምጡልኝ።