ስለ ማኖንግ ሂልዶ አግባያኒ ዕረፍትና ስለ «ጨረቃ ወደብ» ምግብ ቤት ከማኅበራችን የወጣ የሐዘን መግለጫ

«ማኖንግ»፣ ማለትም ታላቅ ወንድም፣ ብለን የምንጠራቸው ሄርሜኔሂልዶ (ሂልዶ) አግባያኒ በተወለዱ በሰማንያ አራት ዓመታቸው፣ ሐሙስ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2016 ጠዋት፣ ካርሰን በሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጃቸው ከጎናቸው ሳሉ አርፈዋል። የሎስ አንጀለስ የፊሊፒናውያን የምግብና የመጠጥ ቤት ሠራተኞች መረዳጃ ማኅበር ይህን ለአባላቱ፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸውና ለከተማው ሕዝብ የሚያስታውቀው ልቡ ተሰብሮ ነው።

ማኅበራችን ዓርብ ዕለት አዘጋጅቶት የነበረው መግለጫ ከዚህ አጭር ነበር። እንደ ልማዳችን ከመሰራጨቱ በፊት ለቤተሰቡ በስልክ አነበብነው። ልጃቸው ወይዘሮ ሮሳሊያ እስከ መጨረሻው ሳያቋርጡ አዳመጡና፣ «‹ታማኝ አባላችን› የምትለውን አውጡልኝ። አባል አልነበረም። ለምን እንዳልነበረም ጻፉ፤ አለዚያ በአባቴ ስም ምንም ነገር እንዳታወጡ» አሉን። የሥራ አመራሩ ቅዳሜ ተሰብስቦ ተወያየ። ወይዘሮ ሮሳሊያ ልክ ናቸው። ስለዚህ ይህ መግለጫ እንደገና ተጽፏል።

ማኖንግ ሂልዶ በኦክቶበር 1931 በፊሊፒንስ፣ በሰሜን ኢሎኮስ፣ ከላዋግ ከተማ ወጣ ባለች የሩዝ ገበሬዎች መንደር ተወለዱ። በ1951 አሜሪካ፣ ስቶክተን አካባቢ በአስፓራገስ እርሻ ይሠሩ ወደነበሩት አባታቸው መጡ። ሦስት ዓመት ጎንበስ ብለው አትክልት ከቆረጡ በኋላ፣ ወገባቸው እምቢ ሲላቸው ወደ ሎስ አንጀለስ ወረዱ።

በ1954 «ጨረቃ ወደብ» ምግብ ቤት በሳህን አጣቢነት ተቀጠሩ። ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ አባላት ይህን ቤት ያውቁታል፤ ለሌሎቹ ግን ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በዚያን ዘመን ከሆሊውድ እስከ ባሕሩ ዳርቻ እንዲህ ያሉ ቤቶች ከሃያ ያላነሱ ነበሩ። ግድግዳቸው ቀርከሃ፣ ጣሪያቸው ሣር፣ በራቸው ላይ ጥርሱን ያገጠጠ የእንጨት ጣዖት፣ ውስጣቸው ጨለም ያለ። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ሰው እዚያ ገብቶ ደቡብ ባሕር ላይ ያለ ደሴት የደረሰ ይመስለው ነበር። የጨረቃ ወደብ ደግሞ ዝናብ ነበረው። ከባንኮኒው በላይ በተዘረጋ ቆርቆሮ ላይ የተበሳሳ ቧንቧ ያልፋል፤ በየግማሽ ሰዓቱ ባርማኑ ሲከፍተው ቆርቆሮው ይንጫጫል፣ ወሬው ሁሉ ጸጥ ይላል። ለዚያ ድምፅ ብቻ ከፓሳዴና ድረስ የሚመጡ ነበሩ። ዛሬ ከእነዚያ ቤቶች አንዱም የለም። አንዱ መድኃኒት ቤት፣ አንዱ የስልክ መሸጫ፣ አንዱ የመኪና ማጠቢያ ሆኗል። የጨረቃ ወደብ ቦታ የመኪና ማቆሚያ ነው። የታጩበትን ጠረጴዛ ቦታ በእርምጃ ለክተው ሁለት መኪኖች መካከል ቆመው የሚያለቅሱ ሽማግሌዎችን የአባሎቻችን ዓይን አይቷል።

በእነዚያ ቤቶች ባንኮኒ ጀርባ የቆሙት በአብዛኛው የእኛ ሰዎች ነበሩ። የታሂቲ ተወላጅ ነኝ እንዲሉ ይታዘዙ ነበር፤ አበባ ያለበት ሸሚዝ ይሰጣቸዋል፣ ሌላ ስምም ይወጣላቸዋል። ማኖንግ ሂልዶ «ካይ» ተባሉ።

በ1958 ባርማን ሆኑ። በቤቱ ደንብ መጠጡ የሚቀመምባቸው ጠርሙሶች ስም አልነበራቸውም፤ ቁጥር ብቻ ተለጥፎባቸዋል። ምስጢሩን ሌላ ቤት እንዳይወስደው ነው። ማኖንግ ሂልዶ አሥራ አንዱንም ቁጥሮች በአፍንጫቸው ለይተው ያውቁ እንደነበር፣ አብረዋቸው የሠሩት ማኖንግ ፕሩደንሲዮ ታባንጋይ ይመሰክራሉ። ማኖንግ ፕሩደንሲዮ ሲያወሩልን፣ «አንዲት ሴትዮ በየሳምንቱ ትመጣለች። ‹ካይ፣ ደሴትህ የትኛው ነው?› ትለዋለች። ‹ሉዞን ነው እመቤቴ› ብሎ የእውነተኛ አገራችንን ደሴት ይነግራታል። ‹ከታሂቲ ይርቃል?› ‹በጀልባ ትንሽ ነው፤ የሚቀዝፍ ሰው ከተገኘ።› እሷ ትስቃለች፤ እኛ ደግሞ ወጥ ቤት ገብተን በሳቅ እንሞታለን» ብለዋል።

በ1961 «የዘገየችው ጀልባ» የተባለውን መጠጥ ፈጠሩ። ቤቱ እስኪዘጋ ድረስ ከሁሉም በላይ የተሸጠው ይህ ነው። ሌሎች ሎሚ በሚጨምሩበት እሳቸው ካላማንሲ ጨመሩ፤ ከሎሚ የምታንስ፣ ሽታዋ ግን ክፍል የሚሞላ የአገራችን ፍሬ ናት። ገበያ ላይ ስላልነበረች ዘሯን እናታቸው በደብዳቤ ውስጥ ልከውላቸው፣ ከወጥ ቤቱ ጓሮ ከቆሻሻ በርሜሎቹ አጠገብ ተክለው አሳደጓት። ስሙንም ያወጡት እሳቸው ናቸው፤ እናታቸው አባታቸውን ትመልሳለች ብለው ይጠብቋት የነበረችውን ጀልባ አስበው ነው። ሜኑው ላይ ግን «የባለቤቱ የሚስተር ስቶውል ፈጠራ» ተብሎ ታተመ።

በ1968 አንድ ቀን ማኖንግ ሂልዶ «ካይ» የሚለውን ባጅ አውልቀው፣ በወረቀት ላይ ሙሉ ስማቸውን ጽፈው ደረታቸው ላይ ሰኩ። ሚስተር ስቶውል አይተው፣ «ይህን ማን ማንበብ ይችላል?» አሏቸው። «እናቴ» አሉ። በሳምንቱ ባርማኖቹ ሁሉ፣ ቀጥሎም አስተናጋጆቹ የየራሳቸውን ስም ጻፉ። ሁሉንም ማባረር ስላልተቻለ ወረቀቱ በነሐስ ተተካ። የሌሎች ቤቶች ሠራተኞችም ይህን ሰምተው ተከተሉ። ማኅበራችን በታሪኩ ከሚኮራባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ የመራውን ሰው ስም ግን እስከ ዛሬ በየትኛውም መጽሔታችን አላነሳንም።

ለምን እንዳላነሳን አሁን እንናገራለን።

በጃንዋሪ 1986 ጨረቃ ወደብ ተዘጋ። ሚስተር ስቶውል ሞተው ነበር፤ ወራሾቹ ቦታውን ሸጡት፣ ሊፈርስም ተወሰነ። በኤፕሪል ማኖንግ ሂልዶ በቴምፕል መንገድ ወደሚገኘው አዳራሻችን መጥተው ለጠቅላላ ጉባኤው ጥያቄ አቀረቡ። የጠየቁት ሁለት ነገር ነው። ባንኮኒው ተነቅሎ ያኔ ባዶ በነበረው በአዳራሹ የኋላ ክፍል እንዲቀመጥ፤ የካላማንሲዋም ዛፍ ተነቅላ በአዳራሹ ግቢ እንድትተከል። ገዢዎቹ ውሰዱት ብለው ነበር። የሚያስፈልገው ጥቂት ጉልበት ያላቸው ሰዎችና አንድ የጭነት መኪና ብቻ ነበር።

በወቅቱ ሊቀመንበር የነበሩት ማኖንግ አንሴልሞ ኪያምባኦ ተነስተው፣ «ሂልዶ፣ ልጆቻችን ሐኪምና መሐንዲስ ሆነዋል። አባቶቻቸው አበባ ሸሚዝ ለብሰው፣ ለነጮች መሳቂያ ሆነው ሲያስተናግዱ የኖሩበትን ዕቃ አምጥተን ቅርሳችሁ ይኸውላችሁ እንበላቸው?» አሉ። ጭብጨባ ነበር።

ማኖንግ ሂልዶ ጭብጨባው እስኪያበቃ ቆዩ። ከዚያ፣ «ደሴቱ የውሸት ነው፤ አውቃለሁ። ዝናቡን የምከፍተው እኔ ነኛ! ሠላሳ ሁለት ዓመት እዚያ የቆምኩት ግን እኔው ራሴ ነኝ። እኔንስ ምን ልታደርጉኝ ነው?» አሉ።

ድምፅ ተሰጠ። ስድስት ደገፉ፣ አርባ አንድ ተቃወሙ። ማኖንግ ሂልዶ የአባልነት ካርዳቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፤ ወጥተውም በሩን ቀስ ብለው ዘጉ። ይህን መግለጫ ያረቀቀው የማኅበሩ ጸሐፊ በዚያ ቀን ተቃውመው እጃቸውን ካወጡት አንዱ ነው። ያኔ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነበር፤ አባቱም እዚያው ጨረቃ ወደብ ባርማን ነበሩ። ጉዳዩ የአስተሳሰብ ልዩነት ነው ብሎ ለብዙ ዓመት ራሱን አሳምኗል። አልነበረም። ኀፍረት ነበር። የምናፍረውም በቤቱ አልነበረም፤ እዚያ ውስጥ በቆሙት በአባቶቻችን ነበር።

በሜይ ወር ሊፈርስ በተቀጠረበት ቀን ጠዋት ማኖንግ ሂልዶና ባለቤታቸው ማናንግ (ታላቅ እህት) ፔርፔቱዋ ከጎረቤት በተዋሱት ትንሽ የጭነት መኪና፣ አካፋና ዶማ ይዘው ሄዱ። የአፍራሾቹ አለቃ አንድ ሰዓት ሰጣቸው። ባንኮኒውን ሁለት ሰው ሊያነሳው አይችልም፤ ተዉት፤ ዶዘር ሰባበረው። ዛፏን ግን ቆፈሩ። ከሃያ አምስት ዓመት በላይ የቆየ ሥሯ ከሲሚንቶው በታች ገብቶ ስለነበር፣ ሰዓቱ ሲያልቅ በዶማ መቁረጥ ግድ ሆነባቸው። ማናንግ ፔርፔቱዋ እንደነገሩን፣ መንገዱን ሙሉ እሳቸው ሲነዱ ማኖንግ ሂልዶ ከኋላ ጭነቱ ላይ ተቀምጠው ግንዱን አቅፈውት ነበር። በቤታቸው ጓሮ ተተከለች። ቅጠሏን በጁላይ አራገፈች፤ በኦክቶበር ደረቀች። ሃያ ሰዎች መኪና ይዘን ብንሄድ ኖሮ ትድን ነበር ወይ? አናውቅም። አለመሄዳችንን ግን እናውቃለን።

ከዚያ በኋላ ማኖንግ ሂልዶ በአንድ ሆስፒታል ምግብ አዳራሽ አሥር ዓመት ሠርተው ጡረታ ወጡ።

በ2009 ማኅበራችን ስድሳኛ ዓመቱን ሊያከብር ሲዘጋጅ፣ የጠፉት የደሴት ቤቶች ነገር በከተማው እንደገና ፋሽን ሆኖ ነበር። ወጣቶች የድሮ ብርጭቆ ይሰበስባሉ፣ «የዘገየችው ጀልባ» እንዴት እንደሚቀመም የሚያውቅ ይፈልጋሉ። ሦስት ሆነን ወደ ካርሰን ሄድን። ማናንግ ፔርፔቱዋ ፒናክቤት የሚባለውን የአገራችንን የአትክልት ወጥ ሠርተው አበሉን። ስንጨርስ ጉዳያችንን አቀረብን፤ ቅመማውን እንዲሰጡን፣ አባልነታቸውንም እንዲመልሱ።

«አሁን ለምን ፈለጋችሁት?» አሉ።

«ለታሪክ ነው፣ ማኖንግ።»

«ታሪኩማ በ86 ነበር። አሁንማ ድግስ ነው» አሉ፤ ያሉት ግን በቁጣ አልነበረም። ተነስተው ወደ ጓዳ ገቡ። ለብቻቸው ሲቀጠቅጡና ሲያናውጡ ሰማን። ከዚያ ሦስት ብርጭቆ አምጥተው ለየሰዉ በሁለት እጃቸው ሰጡን፤ እንግዳ እንደሚስተናገድ። ጸሐፊው በሕይወቱ እንዲህ ያለ ነገር ቀምሶ አያውቅም። አባቱ ከሥራ ሲመለሱ ሸሚዛቸው ይሸት የነበረው ይህ ነበር፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ምን እንደሆነ አያውቅም ነበር። ብርጭቆውን ይዞ አለቀሰ። ማኖንግ ሂልዶ አላባበሉትም፤ መሐረብ ግን አቀበሉት።

ስንወጣ ስለ ካርዱ ደግመን ጠየቅናቸው። «ካርዱ እናንተ ጋ ነው፣ አልጠፋም። እኔ ደግሞ ያለ እሱ መኖር ለምጃለሁ። ብርድ ሳይመታችሁ ግቡ» አሉ። ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ ደብዳቤ ጻፍንላቸው። በየዓመቱ በገና ካርድ መለሱልን፤ ስለ አባልነት አንድም ቃል ሳይጽፉ።

ስለዚህ ማኖንግ ሂልዶ አግባያኒ ከኤፕሪል 1986 እስከ ዕለተ ሞታቸው የማኅበራችን አባል አልነበሩም። የሥራ አመራሩ ቅዳሜ ባደረገው ስብሰባ፣ ከሞት በኋላ የክብር አባል ይደረጉ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ሐሳቡ ውድቅ ተደርጓል፤ በሕይወት ሳሉ እምቢ ያሉትን መልስ መስጠት በማይችሉበት ሰዓት ልንጭንባቸው አይገባም። በምትኩ የኤፕሪል 1986 ቃለ ጉባኤ ከነድምፅ አሰጣጡ፣ ከነስሞቹ፣ ለማንም አባልና ለማንም ጠያቂ ክፍት እንዲሆን ተወስኗል። የጸሐፊውም ስም እዚያው አለ።

የድሮ ዕቃ ሰብሳቢዎችና ጋዜጠኞች ስለ ቅመማው ቤተሰቡን እንዳያስቸግሩ ማኅበሩ አጥብቆ ያሳስባል። ለማን እንደተዉት አልጠየቅንም፤ የመጠየቅ ፊት የለንም።

ለባለቤታቸው ለማናንግ ፔርፔቱዋ፣ ለልጃቸው ለወይዘሮ ሮሳሊያ፣ ለሁለቱ የልጅ ልጆቻቸው፣ አብረዋቸው ከቆሙት አሥራ አንድ ባርማኖች መካከል ዛሬ በሕይወት ላሉት ለማኖንግ ፕሩደንሲዮ ታባንጋይ፣ እንዲሁም በዚህች ከተማ በሌላ ስም ተጠርተው ላገለገሉ ሁሉ ቤተሰቦች መጽናናትን እንመኛለን። በበደልነው ቦታ ይቅርታ እንጠይቃለን።

የቀብር ሥነ ሥርዓቱ ቅዳሜ ፌብሩዋሪ 20 ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ካርሰን በሰፈራቸው ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል። ማኅበራችን አስከሬኑን ለመሸከም ቤተሰቡን ጠይቆ ነበር። ወይዘሮ ሮሳሊያ ጥቂት አስበው፣ «መሸከሙን እኛው እንሸከመዋለን። እናንተ ግን ኑ» ብለዋል። አባላት በሰዓቱ ተገኝተው ከቤተሰቡ ኋላ እንዲሄዱ እናሳስባለን።