የኮሪደሩ ማብሪያ

ኅዳር 8፣ ሰኞ። ኮምቦልቻ፣ የሻይ እረፍት

ዛሬም ጠፍቷል። ስልኬን እከፍታለሁ፤ «አምፖሉ አልተገናኘም» ይለኛል። አባ ግድግዳው ላይ ያለውን ማብሪያ እንደገና ዘግተውታል ማለት ነው።

እስኪ አንተው ፍረድ፣ ማስታወሻዬ። እኔ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ እስከ ምሽት እዚህ ፋብሪካ ጨርቅ እመረምራለሁ። አባ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ናቸው። እህቴ ዘሃራ ከአዲስ አበባ የላከችው አምፖል በስልክ ነው የሚበራው። ሲጨልም እኔ እዚህ ሆኜ እነካለሁ፣ እዚያ ኮሪደሩ ይበራል። የግድግዳው ማብሪያ ከተዘጋ ግን አምፖሉ ኃይል አያገኝም፤ ስልኬን ብነካካ ብነካካ ከንቱ።

ባለፈው ወር ኮሪደሩ ላይ ወድቀው ግንባራቸው ተፈነከተ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ዘሃራ እንቅጩን ነገረችኝ፦ አንድ ጊዜ ደግመው ከወደቁ መጥታ ትወስዳቸዋለች። ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። አባ ይህን ሲሰሙ ምሳቸውን ትተው ተነሱ። መብራት ካለ አይወድቁም ብዬ የተከራከርኩት እኔ ነኝ። እንግዲህ መብራቱ መብራት አለበት።

ደወል ተደወለ። ወደ ሥራ።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ ጠዋት

ትናንት ማብሪያው ላይ ናስትሮ ለጥፌበት ወጣሁ። ስመለስ ናስትሮው ተልጦ፣ ተጠቅልሎ፣ ጠረጴዛው ላይ በሥርዓት ተቀምጧል። ኮሪደሩ ድቅድቅ ጨለማ። አባ በጨለማ ቁጭ ብለው ሬዲዮ ይሰማሉ።

ለምን አልኳቸው። ኢስራፍ ነው አሉ፤ ያለ ጥቅም ማብራት ብክነት ነው፣ አላህ አይወደውም። ስለ ግንባራቸው አነሳሁ። አብሽሪ፣ ዳነ አሉ። ድምፄን ከፍ አደረግኩ። እሳቸው ሬዲዮውን ከፍ አደረጉ።

ከእሳቸው ጋር መሟገት ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። ደሞ ቀልድ ይጨምሩበታል፤ የመብራት ኃይል ሚስት የሆንሽ ይመስል ይሉኛል። ልስቅ ነበር። አልሳቅኩላቸውም።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ። ሰርቪስ ውስጥ

መላ ተገኘ! ጀማል ከጥገና ክፍል ካርቶን ላይ ሥሎ አስረዳኝ። የድሮውን ማብሪያ ማውጣት። ወደ እሱ የሚመጡትን ሁለት ገመዶች እርስ በርስ ማሰር። ያኔ አምፖሉ ሁልጊዜ ኃይል አለው፣ ማንም ሊያቋርጥበት አይችልም። በቦታው በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ማብሪያ መለጠፍ። አባ ይጫኑት፣ ያጥፉ ከፈለጉ፤ እኔ ደግሞ ከኮምቦልቻ መልሼ አበራለሁ። ጀማል ብሬከሩን ሳታወርጂ እንዳትነኪ ብሎ አስማለኝ። ወላሂ አልኩት።

ዘሃራ ማብሪያውን በአውቶቡስ ትልካለች። የሐረጎን ዳገት እየወጣን ነው፤ ጉም ወርዷል፤ ጽሑፌ ተንጋደደ።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ዕቃው መናኸሪያ ደረሰ። ሰኞ ገበያ ወደሚባለው ሰፈር ወርጄ ካቻቢቴ ገዛሁ። እንደዚያ ግፊያ አይቼ አላውቅም።

ዘሃራ ደወለች። ለአባ አልጋ ገዝታለች። ለምን? እንዲያው ለሁሉም ነገር አለች። አባ አጠገቤ ነበሩ፣ ሰምተዋል። የሚበሉትን ዳቦ ቆርሰው ቆርሰው ሳይበሉት ቀሩ።

ኅዳር 14፣ እሁድ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት

ከመጀመሪያው ልጻፈው።

አመሻሽ ላይ መብራት ጠፋ። ሰፈሩ በሙሉ። እኔ ደስ አለኝ። እሰይ፣ አሁን ነው የሚሠራው፤ መብራት ከሌለ ምን ይይዘኛል? ብሬከሩ ውጭ ነው፣ ቆጣሪው ላይ፤ መውጣት ሰነፍኩ። እኛ ሰፈር መብራት አንዴ ከሄደ በዋዛ አይመለስም። የጀማልን መሐላ ረሳሁት።

ማብሪያውን ፈታሁ። ጨለመ። የስልኬን ባትሪ አብርቼ ለአባ አስያዝኳቸው፤ እጄ ላይ ያብሩልኝ አልኩ። ብርሃኑ ጣሪያው ላይ ሄደ። ዝቅ ያድርጉት። ወለሉ ላይ። ወደ እኔ፣ አባ! ዓይኔ ውስጥ። አንድ ባትሪ መያዝ አቃተዎት? አልኩ። ምላሴን በቆረጠው።

ገመዶቹን አጣምሬ ናስትሮ ልጠቀልል ስል መብራት መጣ። ክንዴን እስከ ትከሻዬ ነዘረኝ። ወደ ኋላ ተወርውሬ ከግድግዳው ተላተምኩ። መጮህ አልቻልኩም፤ ትንፋሼ ቆሟል።

አምፖሉ ልክ ከአባ ራስ በላይ ቦግ ብሏል። ኮሪደሩ ቀን መስሏል። አባ ፊታቸውን ወደ አምፖሉ ቀና አድርገው ቆመዋል። ዓይናቸው እንደተከፈተ ነው። አልጨፈኑም።

«ራሒማ፣» አሉኝ በቀስታ፣ «ግድግዳውን አትደብድቢው፤ ይኼ መብራት ዛሬ አይመጣም መሰል። ተይው ልጄ፣ ነገ ትጨርሺዋለሽ።»

እሺ አባ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? ወጥቼ ብሬከሩን አወረድኩ። ውጭ ቆሜ አለቀስኩ። ስመለስ ያሉበት ቆመዋል፤ ብሬከሩ ቀጭ ሲል ሰምተዋል።

«መጥቶ ነበር እንዴ?»

መዋሸት አቃተኝ። አዎ አልኩ። ወለሉ ላይ ተቀመጡ፤ እኔም አጠገባቸው።

ከዚያ ነገሩኝ። ብርሃንና ጨለማ መለየት ካቆሙ ሰነባብተዋል። ከመስጊድ ጓደኛቸው ጋር ሐኪም ዘንድ ሄደው፣ ነርቩ ነው፣ አይመለስም ተብለዋል። ያን ቀን የወደቁትም ጨለማ ሆኖባቸው አይደለም፤ ጀሪካኑ ከቦታው ተነስቶ መንገዳቸው ላይ ነበር። ለማይጠቅመው ሰው ማብራት ኢስራፍ ነው አልኩሽ፣ መች ዋሸሁሽ? አሉና ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ፈገግታቸው ጠፋ። እጄን ፈልገው ያዙኝ። ለዘሃራ እንዳትነግሪ፣ በአላህ ይዤሻለሁ አሉ።

ቃል አልሰጠኋቸውም።

ኅዳር 15፣ ሰኞ፣ ከሥራ በፊት

ዘሃራ ጠዋት መልእክት ላከች፦ ማብሪያው ተሠራ? አልመለስኩላትም። ብነግራት ትወስዳቸዋለች። ብደብቃትና አንድ ነገር ቢሆኑ? በቁሜ እቃጠላለሁ። ፈራሁ፣ ማስታወሻዬ። በጣም ፈራሁ።

አባ ለዙሁር ሶላት ሲወጡ ከኋላቸው ተከተልኩ፣ እንዳይሰሙኝ ኮቴዬን አጥፍቼ። ከዘራቸውን ይዘው ይሄዳሉ። የልብስ ሰፊው መኪና ሲንጣጣ ወደዚያ ዞረው በስሙ ሰላምታ ሰጡት። የሱቁ በር ሲንሲያጠጥ፣ ባለሱቋ ገና ሳትናገር ስለታመመ ልጇ ጠየቋት። ሰሞኑን የተቆፈረው ቦይ ጋ ደርሰው በከዘራቸው ዳሰሱ፣ ተሻገሩ። ቦዩ ውስጥ እግሬን ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ ሁለት ዓይን ያለኝ። መስጊዱ በር ላይ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። ማንም አልመራቸውም።

እጭቃው ውስጥ ቆሜ ገባኝ። አባ ደሴ ላይ መንገድ አላቸው፣ ሰው አላቸው። የሚታወሩት ዘሃራ ቤት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው።

ሲመለሱ ልነግራት ነው አልኳቸው። ሁሉንም፤ ዓይንዎንም፣ ቤቱን ዕቃ ከቦታው የማይነሳበት እንደማደርገውም፣ ማታ ቤት እንድሆን የጠዋት ፈረቃ ልጠይቅ መሆኔንም። ከዚህ የሚወስድዎት የለም ብዬም እነግራታለሁ አልኩ። ተቆጡ። ከዘራቸውን ጥግ አስደግፈው ፊታቸውን አዞሩ። ምሳ አልበሉም። እኔም አልበላሁም። ሰርቪሱ ሊያልፈኝ ነው፤ ይለፈኝ።

አሁን መጥተው አጠገቤ ተቀምጠዋል። ደውይ አሉ።

ደወልኩ። ይጠራል። አባ እጃቸውን ዘርግተዋል፤ ስልኩን ስጪኝ፣ እኔው ልንገራት ይላሉ። ዘሃራ አነሳች፤ ስልኩን መዳፋቸው ላይ አኖርኩት።