የአባባ የጠዋት መንገድ

ለምወድህ ወንድሜ ለእንድሪስ፣ ጅዳ።

አሰላሙ ዓለይኩም፤ አላህ ጤናህን ያብዛልኝ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ መካነ ሰላምም የበልጉ ዝናብ ገብቷል።

አባባ ልባቸውን ደሴ ሲታዩ ሐኪሙ፣ «በየቀኑ በዝግታ ይራመዱ፤ ልብም ሲሠራ ይጠነክራል። ደረትዎን ከያዘዎት ግን ያቁሙና ወደ እኔ ይምጡ» ብሏቸው ነበር። እማዬ፣ «የታመመ ሰው ይተኛል እንጂ ይዞራል?» ብላ አላመነችውም። እሳቸው ግን በእርምጃው የእግራቸው እብጠት ጎደለላቸው፤ ዳገቱንም ሳያርፉ መውጣት ጀመሩ።

ሰሞኑን ግን ነገሩ አላማረኝም። ቆይተው ይመለሳሉ፤ ጫማቸው ጭቃ አልነካውም። «የት ደረሱ?» ስላቸው፣ «እስከ ወንዙ» ይሉኛል። ትናንት ቀስ ብዬ ተከተልኳቸው። ከመስጊዱ አለፍ እንዳሉ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ እጃቸው ከጋቢያቸው ሥር ደረታቸው ላይ ነበር። ሲያዩኝ ብድግ አሉና፣ «ሰው እየጠበቅሁ ነው» አሉኝ። ማንም አልመጣም። «ደሴ እንሂድ» ብላቸው፣ «ደህና ነኝ፤ ለወንድምሽ እንዳትጽፊ» ብለው ተቆጡኝ።

ዛሬ ደግሞ ቁርስ ላይ፣ «እንድሪስ ለዐረፋ ይመጣ ይሆን?» አሉ። ከሄድክ ወዲህ እንዲህ ብለው ጠይቀው አያውቁም። አሠሪዎችህን ፈቃድ ለምናቸው፤ ለከርሞ አታድርገው።

አላህ በሰላም ዓይን ለዓይን ያገናኘን።

እህትህ ኡሙልኸይር