የአያታችን «እንዴታ»

ውድ ወንድሜ ዢልሶን፣

ከተፈታህ ዘጠኝ ቀንህ ነው። ከሬሲፊ እስር ቤት ወጥተህ ቀጥታ ካሩዋሩ ከተማ፣ አክስታችን ዞራይዴ ቤት ገባህ። እኔ ደግሞ ንጹሕ ሰው መጀመሪያ ቤቱ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። አክስታችን «ደክሞታል» አለችን። ሰባት ወር ተኝተህ ከርመህ?

ችሎቱን ከእስር ቤት ሆነህ በስክሪን ስትከታተል ድምፁ ይቆራረጥብህ ነበር አሉ። እንግዲህ ያመለጠህን ስማ።

የተያዝክ ቀን አራት ፖሊሶች «ሲያየን እርምጃውን አፈጠነ» ብለው ተከትለውህ መጡና፣ እንግባ ወይ ብለው አያታችንን ጠየቁት። እሱም በሩ ላይ እንደተገተረ «እንዴታ!» አላቸው። ገፍተውት ገቡ። ፍራሽህ ሥር ሽጉጥ አገኙ። ሪፖርታቸው ላይ «የቤቱ ባለቤት ፈቅደዋል» ብለው ጻፉ።

የእሱ «እንዴታ» ምን ማለት እንደሆነ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ፀጉር አስተካካዩ አክስታችንን ላግባት ሲለው «እንዴታ!» ብሎት፣ ሰውየው ይኸው እስከ ዛሬ ላጤ ነው። ወረቀት ላይ ግን ቃል እንጂ የአያታችን ፊት አይጻፍም።

ዳኛዋ «አባቴ፣ ፖሊሶቹን ምን አሏቸው?» ብላ ጠየቀችው።

«እንዴታ አልኳቸው።»

የጠበቃችን ፊት አመድ መሰለ። አያታችን ግን ዳኛዋን እንደ ደካማ ተማሪ አያት።

«ክብርት ዳኛ፣ እነዚህ አራቱ አሁን ተነሥተው ቤትዎ ገብተን ጓዳዎን እንፈትሽ ቢሉ ምን ይሏቸዋል?»

ዳኛዋ አራቱንም ተራ በተራ አየቻቸው። «እንዴታ!» አለች።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጸሐፊዋ ምን ብላ እንደምትመዘግብ ጨንቋት እጇን ከኮምፒውተሩ አነሣች። ፈቃዱ ግልጽ ስላልነበረ መግባታቸው ሕገወጥ ነው፣ በዚያ የተገኘውም ማስረጃ አይሆንም ተባለ። ተፈታህ።

ፍርዱን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ፖሊስ ስለ መግባቱ አራት ገጽ ሙሉ ያወራል። ሽጉጡ የማን እንደሆነ አንድ መስመር የለውም። ጠበቃውን ብጠይቀው «መዝገቡ ተዘግቷል፣ ልጄ» አለኝ። ትልልቅ ሰዎች መልሱን ሲፈሩ «ልጄ» ይላሉ። አያታችን ደግሞ ፍራሽህን አውጥቶ ጣለው፤ ትኋን አለበት ብሎ። እዚያ ክፍል ውስጥ ከአንተ ጋር አሥራ ሁለት ዓመት ተኝቻለሁ፣ አንድ ትኋን አላየሁም። እሱ እንኳ ሊጠይቅህ ፈርቷል፤ እኔ ግን አልፈራሁም።

በሰማንያ አንድ ዓመቱ፣ የሚያንቀውን ክራቫት አስሮ ስለ አንተ ቆሟል። ሽጉጡ የማን እንደነበር ለእሱ መንገር አለብህ።

እሑድ ና። የኔ ነበር ካልክ አለቅሳለሁ፣ እሰድብሃለሁ፣ ከዚያ ምሳ አቀርብልሃለሁ። ከዋሸህ ግን ባቄላውንም ሥጋውንም ውሻው ይበላዋል። ልዋሽ ስትል ከንፈርህን ትልሳለህ፤ ይህን ፖሊስም ዳኛም አያውቁም።

የምትወድህና ያላመነችህ እህትህ፣
ዡሳራ