ሞገዱ ሲወርድ «አቁሙ» ያሉት የልጅ ልጄ

የሥራ ባልደረቦቻቸው «እመት አቁሙ» ይሏቸው የነበሩት የልጅ ልጄ፣ ከአናጢው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው መጋቢት 11 ቀን 1979 ዓ.ም. ተወለዱ። የመጡት ከቀናቸው አምስት ሳምንት ቀድመው ነው። አዋላጇ «ይቺ እንኳ አትቆይም» ብላ ነበር፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት ቆዩ።

እናታቸው ከስፌት ቤት እስኪመለሱ የምጠብቃቸው እኔ ነበርኩ። ከደረጃው እንዳይወድቁብኝ በሩን ስቆልፍ በመስኮት ይወጡ ነበር። ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ተከታትለው በ1997 ዓ.ም. አጠናቀቁ። በ2001 ዓ.ም. በሕክምና ቴክኖሎጂ ተመርቀው፣ ሁለት ዓመት ደግሞ የነርቭ ክትትል ሠልጥነው ሆስፒታል ተቀጠሩ።

ሥራቸውን ብዙ ሰው ስለማያውቀው ልንገራችሁ። የአንጎል ደም ስር ሲያብጥ፣ ራስ ቅል ሳይከፈት ቀጭን ቱቦ በብሽሽት ገብቶ በደም ስር ውስጥ እስከ ጭንቅላት ይደርሳል። ሐኪሙም እብጠቱን እንደ ፀጉር በቀጠነ የብረት ጥቅል ይሞላዋል። ታማሚው በማደንዘዣ ተኝቷል፤ እጄ ከዳኝ ማለት አይችልም። የሚናገሩለት የልጅ ልጄ ነበሩ። እጅና እግሩን በሽቦ በሚሄድ ትንሽ ኤሌክትሪክ እየነኩ፣ መልእክቱ አንጎል መድረሱን በስክሪኑ ሞገድ ላይ ያያሉ። ሞገዱ ከወረደ አንጎሉ ደም አጥሮት ሊሆን ይችላል። ኤሌክትሪኩን መጀመሪያ በራሳቸው አንጓ ላይ ይሞክሩት ነበር። «ተይ፣ ልብሽን ይመታሻል!» ስላቸው፣ «እማማ፣ እኔ ያልቀመስኩትን ለሰው አልሰጥም» ይሉኝ ነበር።

በ2006 ዓ.ም. ከሒሳብ መምህሩ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ ወልደዋል።

ጥቅምት 22 ቀን 2009 ዓ.ም. የሆነውን አልዘለውም። የሚታከሙት አንድ ጸጉር አስተካካይ ነበሩ። ጥቅሉ ሲገባ የቀኝ እጃቸው ሞገድ በግማሽ ወረደ። የልጅ ልጄ «ዶክተር፣ ያቁሙ» አሉ። ዋናው ሐኪም እንግዶች እየተመለከቷቸው ስለነበር «ሽቦሽን እዪ» ብለው ቀጠሉ። ሽቦው ቦታው ላይ ነው። የልጅ ልጄ ማደንዘዣ ሰጪውን ጠየቁ፤ መድኃኒት አልተጨመረም፣ የደም ግፊቱም አልወረደም። «ከማሽንሽ ጋር ተጣላሽ እንዴ?» ተባሉ፤ ክፍሉ ሳቀ። ያኔ ጮኹ፦ «አቁሙ! እጃቸውን ልናሳጣቸው ነው!» ሐኪሙ ጥቅሉን መልሰው አወጡ። በስድስት ደቂቃ ሞገዱ ተመለሰ። ጸጉር አስተካካዩም ሲነቁ ጣታቸውን አንድ በአንድ አንቀሳቀሱ።

ምስጋና ስንጠብቅ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መጣ። ሐኪሙን በእንግዳ ፊት አዋርደዋል ተብለው፣ «ማሽኑ ተሳስቶ ነው፣ ይቅርታ» ብለው እንዲጽፉ ታዘዙ። እምቢ አሉ። አልዋሽም፣ እኔው ራሴ «ልጅ አለሽ፣ ጻፊላቸውና ይልቀቁሽ» ብዬ ለምኛቸዋለሁ። «እማማ፣ ተሳስቷል ብዬ ከፈረምኩ ነገ ሞገዱ ሲወርድ ማን ያምነኛል?» አሉኝ። ሁለት ዓመት ምድር ቤት ወርደው መዝገብ ሲደረድሩ ከረሙ። «እመት አቁሙ» የሚለውን ስም ያወጡላቸው ለማሾፍ ነው፤ እሳቸው በትልልቁ ጽፈው መሳቢያቸው ላይ ለጠፉት። በ2011 ዓ.ም. አዲስ የመጡ የክፍል ኃላፊ የዚያን ቀን የሞገድ ወረቀት አንብበው ወደ ቦታቸው መለሷቸው። ከዚያ ወዲህ ሞገድ በግማሽ ከወረደ በዚያ ክፍል መጀመሪያ ሐኪሙ እጁን ከሥራው ያነሳል፣ ክርክሩ በኋላ ነው።

በ2015 ዓ.ም. ኩላሊታቸው ታመመ። በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት እያደረጉ በቀሩት ቀናት ሥራ ይገቡ ነበር። ሾርባ በፔርሙስ ይዤ በር ላይ ብቆምም፣ እረፊ ብዬ ብቆጣም የሰማኝ አልነበረም። ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ዐረፉ። አባታቸውን፣ እናታቸውን፣ ወንድማቸውን፣ ባለቤታቸውን፣ የአሥር ዓመት ልጃቸውን፣ መቅደም የነበረብኝን እኔንም ትተው ሄዱ።

ማስጠንቀቂያው ግን እስከ ዛሬ ከፋይላቸው አልወጣም። ትናንት ከሆስፒታሉ ቢሮ ሰው መጥቶ «ይህቺ ነገር ከሕይወት ታሪካቸው ጽሑፍ ብትቀር ለእናንተም ክብር ነው» አለን። ይኸው አልቀረችም፤ እናንተው እየሰማችሁ ነው።

ፈጣሪ የደከመች ነፍሳቸውን በማረፊያው ይቀበልልን፤ ልጃቸውን ከክፉ ይጠብቅልን። ይቅርታውን እሳቸው አልጻፉም፤ እኛም በስማቸው አንጽፍም።