የማርች ልጅ

ዲሴምበር 12
አደንጓሬ ስለቅም ዋልኩ። በረዶው መስኮቱ ግርጌ ደርሷል።
ነርሷ ቪቶሬ መጥታ ነበር። በረዶው መንገዱን ሳይዘጋው ነገ የመጨረሻው መኪና ወደ ሽኮደር ከተማ ይወርዳል። መንገዱ ተመልሶ ሳይከፈት የምትወልድ ካለች ይዣት ልሂድ አለች። አፌን ስከፍት አማቴ እማ ፕረንዳ ቀደሙኝ። "የኛዋማ የማርች መጨረሻ ናት። ገና ምን አላት!"
ማርች? ፌብሩዋሪ እንደገባ ነው የምወልደው። ግን እዚህ አገር እውነተኛውን ወር ማን ይናገራል... ልጁን የሰው ዓይን ይበላዋል ይላሉ። ባሌ ዴዳ እንኳ አያውቅም። "ወንድ ሁለት መለኪያ ከቀመሰ የማይለው የለም" ብለው እማ አስምለውኛል።
ቪቶሬም "ወላድ ከሌለማ እኔም እዚያው ልጆቼ ጋ ልክረም" አለች። አደንጓሬዬን መልቀም ቀጠልኩ።

ዲሴምበር 13
መኪናው ሲወርድ በመስኮት አየሁት። ቪቶሬ ከፊት ተቀምጣለች። እጇን አወዛወዘችልኝ።

ጃንዋሪ 9
መብራት ከሄደ ሰነበተ። ስልኬም ተዘጋ። ከመዘጋቱ በፊት ዴዳ ከሽኮደር ደውሎ ነበር። ግንበኛ ነው እዚያ። "ማርች ሲገባ መኪና ይዤ እመጣለሁ፣ አንቺ ብቻ አታስቢ" አለኝ። እማ አጠገቤ ቆመዋል። እሺ አልኩት። ለምን እሺ አልኩ?

ጃንዋሪ 24
የተራራው በረዶ ተንዶ መንገዱን ቀበረው።
ጎረቤታችን ድራኔ አይብ ይዛ መጣች። እሷም ነፍሰ ጡር ናት፣ ብዙም አይታይባትም። ሆዴን አይታ "ይሄማ ማርችን የሚጠብቅ አይመስልም፣ መንታ ነው እንዴ?" ብላ አሾፈችብኝ። እማ ቶሎ ብለው ሻላቸውን አለበሱኝ።
እሷ ስትወጣ እማን ለመንኳቸው። እውነቱን እንናገር፣ የሰፈሩ ወንዶች ሳንቃ ላይ አስተኝተው እየጎተቱ ያውርዱኝ። ምድጃው ላይ እንጨት ጨመሩ። ከዚያ፦
"ሦስት ልጅ ቀብሬያለሁ። የሦስቱንም ወር ተናግሬ ነበር።"
ክፉ ሆነው አይደለም። ፈርተው ነው። እኔም ፈርቻለሁ... የኔን ፍርሃት ማን ይስማው?

ፌብሩዋሪ 3
ወገቤን። ከጠዋት ጀምሮ። እማ ፊታቸው አመድ መሰለ። ወንዶቹን ሊጠሩ ሮጡ። አምላኬ አትለየን...

ፌብሩዋሪ 8
ሞተ። ወንድ ነበር።
በሳንቃው አውጥተውኝ ነበር። ድልድዩ ጋ በረዶው ደረታቸው ድረስ ሲደርስ መለሱኝ። እማ አዋለዱኝ። እትብቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሟል። አላለቀሰም። ጥፍሩ ሙሉ። ፀጉሩ የዴዳ።
ቪቶሬ ብትኖር ኖሮ... ተይው። ተይው።

ፌብሩዋሪ 11
ሴቶቹ ለቅሶ ይደርሳሉ። "ያለ ወሩ መጥቶ ነው ልጄ፣ ያለ ወሩ የመጣ መች ይተርፋል" ይሉኛል። አንገቴን ደፍቼ እሰማለሁ። በወሩ ነው የመጣው! ይህቺን እንኳ ነፈግነው።
ዴዳ እስካሁን አልሰማም። ታች ሆኖ ማርችን እየጠበቀ ነው። መኖር አስጠላኝ።

ፌብሩዋሪ 19
መንገዱ አልተከፈተም። ድራኔ መጣች። እኔን አፍራ ሆዷን በሻል ሸፍናለች። እማ ምድጃው ጋ ሱፍ ይፈትላሉ።
መቼ ነው የምትወልጂው አልኳት። ጁላይ አለች፣ እንደተማረችው።
"እውነቱን ንገሪኝ ድራኔ።"
እማን አየቻቸው። እማ እንዝርቱን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።
"ንገሪያት" አሉ። "የኛ ልጅ በወሩ ነው የመጣው። የዋሸሁት እኔ ነኝ።"
ይህን ከአፋቸው እሰማለሁ ብዬ አላሰብኩም። ድራኔ ጆሮዬ ጋ ተጠጋች። እማ ግን ከለከሏት።
"በሹክሹክታ አይደለም። ቪቶሬ ስትመጣም እንደዚሁ ትነግሪያታለሽ። ጮክ በይ።"
"ሜይ" አለች ድራኔ። "ሜይ መጀመሪያ።"
ከዚያ ሦስታችንም የሰው ዓይን ሰምቶ የሚገባ ይመስል በሩን አየነው።