ዝግባ ልናይ ብለን ሄደን

ጥር 22፣ ጠዋት 1፡10፣ አዳማ

እንቁላሉ ተቀቅሏል። ዳቦው ተቆርጧል። ፌስታል ይዣለሁ፤ ሶሲን መኪና ላይ ያስመልሳታል። የሚኪን ዳይፐር ረስቼ ተመለስኩ፣ ቀጥሎ ውኃውን ረስቼ ተመለስኩ። አሁን ሁሉ ነገር በር ላይ ተደርድሯል፣ የጠፋው መኪናው ነው። ጌቱ ነዳጅ ሰልፍ ላይ ነው። እኔም አንቺን ይዤ ዱካ ላይ ቁጭ ብያለሁ። ደብተሬ፣ ከተቀመጥኩ በኋላ ስለ መነሳቴ እንጃ።

ልጆቹ ዝግባ ሊያዩ ነው። ከአርሲ ነገሌ በላይ ያለው ጫካ፣ አባታቸው ያደገበት። ጌቱ በየዓመቱ ለእረፍታችሁ ይላቸዋል፣ በየዓመቱ እረፍቱ ያልቃል። ዘንድሮ ናሆም ይዞ አልለቅም አለ። አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ በጭቅጭቅ በኔ ወጥቷል። ሶሲ ሰባት፣ ምንም አትልም። ሚኪ ሦስት፣ ሁሉንም ይላል።

እውነቱን ልንገርሽ፣ መሄድ አልፈለግኩም። ፈተና ሳርም ከርሜ እረፍት መጣ ስል፣ ለአስተማሪ እረፍት ማለት ለካ የራስሽ ሦስት ልጆች ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ ማለት ነው። እኔ ያማረኝ መተኛት ነበር። ዛፉ እንደሆነ የትም አይሄድም።

ቀን 6፡40፣ ዓለም ጤና

ገና ዓለም ጤና ነን። ሳቂብኝ።

ጌቱ የውኃ ሞተር ይጠግናል። ከቆቃ እስከ ዝዋይ ሽንኩርት የሚያጠጣ ሁሉ ያውቀዋል። ሻይ ልንጠጣ ብለን ቆምን፣ አንድ ገበሬ ከመንገዱ ማዶ አየው፣ አለቀ። ሞተሩ ውኃ አልስብ ብሎታል፣ ሽንኩርቱ ፀሐይ ላይ ነው፣ እግዜር ነው ያመጣህ አለው። ጌቱም እሺ። የኔ ባል እምቢ የሚል ምላስ አልተፈጠረለትም። ሰው ፊት እምቢ ከሚል ጥርሱን ቢነቅሉት ይመርጣል።

ማሳው ዳር ግራር ጥላ ሥር ነን። ሚኪ ቦዩ ውስጥ ገብቶ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ናሆም በየደቂቃው አባዬ ጨረሰ ወይ ይለኛል። ሶሲ እንቁላል ልጣ ሚኪን አጎረሰችው፣ ከዚያ አፉን በቀሚሷ ጠረገችለት። ማንም አላዘዛትም። እኔ ግንዱን ተደግፌ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፣ በሽፋሽፍቴ ሥር ነው ያየኋት። መነሳት ነበረብኝ። አልተነሳሁም።

ሞተሩ ተነሳ፣ ውኃው መጣ፣ ገበሬው ጌቱን አቅፎ ሳመው። አንድ ማዳበሪያ ሽንኩርት ከኋላ ተጫነልን። መቂም እንዲሁ ሊሆን ነው፣ ከአሁኑ ይታየኛል።

ማታ 1፡30፣ አ/ነገሌ

መቂም እንዲሁ ሆነ። ሁለተኛ ማዳበሪያ። ሶሲን አዳሚ ቱሉ ላይ አስመለሳት፤ የሽንኩርቱ ሽታ ነው። ላንጋኖ አጠገብ ናሆም እንዋኝ ብሎ አኮረፈ። ወገቤ ተቆርጧል። ደረስን።

የጌቱ እናት፣ እማማ አስካለ፣ በር ላይ ቆመው ይጠብቁን ነበር። ባላቸው ባለፈው ክረምት ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ከስተዋል። ልጆቹን አገላብጠው ሳሙ፣ ሶሲን ግን አልለቀቋትም። እጇን ይዘው ወደ ጓዳ ገቡ። ተከተልኳቸው። ከሳቸው አልጋ አጠገብ አዲስ ትንሽ አልጋ ተነጥፏል፣ ሮዝ ብርድ ልብስ ያለው። ምስማሩ ላይ የሰፈሩ ት/ቤት ዩኒፎርም ተሰቅሏል። በሶሲ ልክ።

ጎረቤት ይገባል ይወጣል። እንኳን ልጅቷ መጣችልዎ፣ ቤቱ ሞቀልዎ ይሏቸዋል።

ጌቱን ደጅ ጠራሁት። ፊቱ አመድ መሰለ። ለካ ኅዳር ላይ እናቱ ስልክ ላይ አለቀሱበት፤ ብቻዬን ከምቀር አንዷን ልጅ ስጠኝ አሉት። እሱም እሺ እማዬ፣ ሶሲ ያንቺ ናት አላቸው። ለማጽናናት ያህል ነው ይላል፣ የምሬን አይደለም ይላል። እሳቸው የምር ይዘውታል። ለምን አይይዙም? እዚህ አንድ ልጅ ለአያት መስጠት ያለ ነው። ጌቱ ራሱ አያቱ ጋ ነው ያደገው፣ እዚሁ ጫካው ዳር። እማማ ለሰፈሩ ሁሉ ተናግረዋል፣ ት/ቤት አስመዝግበዋል፣ አልጋ አሠርተዋል።

ታዲያ ንገራቸዋ አልኩት። ነገ አለ። ነገ፣ ከጫካው ስንመለስ። ላንቀው ትንሽ ቀረኝ።

ጥር 23፣ ከሰዓት 11፡45

ዝግባውን አየን።

እንዴት ልንገርሽ። የት/ቤታችን ባንዲራ የሚሰቀልበት ምሰሶ ሥሩ ቢቆም ማማሰያ ይመስላል። የጫካው ጠባቂ አካም ቡልተኒ፣ እንዴት አደራችሁ ብሎ ተቀበለንና መንገድ መራን። ልጆቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ግንዱን ሊከብቡ ሞከሩ፣ አልደረሱም። ጌቱ ተጨመረ፣ ጠባቂው ተጨመረ፣ አሁንም አልገጠመም። ናሆም፣ ምንም የማይገርመው ልጅ፣ አፉን ከፍቶ ቀረ። ሶሲ ቅጠሉ ላይ በጀርባዋ ተኛች። ጫፉን ስትፈልግ ቆይታ፣ አያልቅም እኮ አለችኝ። አጠገቧ ጋደም አልኩ። ቀዝቀዝ ያለ፣ ጸጥ ያለ። በቀን ጋደም ካልኩ ስንት ጊዜዬ። ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ ለትንሽ ጊዜ በጣም ደስ አለኝ።

ሌሎቹ ጉሬዛ አይተው ተከትለውት ሄዱ። ሶሲ ዓይኗን ጨፍናለች፣ እንቅልፍ ወስዷታል። አብረውን የመጡት እማማ ነጠላቸውን አንጥፈው አጠገቤ ተቀመጡ። ጸጉሬን ደባበሱኝ።

«ልጄ፣ ፊትሽ አልቋል» አሉኝ። «አንዷን እንኳ እኔ ልያዝልሽ።»

እምቢ ልል ነበር፣ ቃሉን አዘጋጅቼ ነበር። የወጣው ሌላ ነው።

«ደክሞኛል እማማ» አልኳቸው። «ሦስት ልጅ አልቻልኩም።»

ከዚያ አለቀስኩ። ለወለደችኝ እናቴ እንኳ ይህን ብዬ አላውቅም። እማማም እንባቸውን ጠረጉ።

አንቺ አትፍረጂብኝ። መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነው። አንድ የምሳ ዕቃ ሲቀንስልኝ፣ አንድ ሹሩባ ሲቀንስልኝ ታየኝ። ጠዋት ጠዋት ፊቴን በሰላም ስታጠብ ታየኝ። ወዲያው ደግሞ ራሴን ጠላሁት።

ቤት ስንገባ ሶሲን ጠየቅናት። እማማ ጋ ትቀሪያለሽ? እሺ አለች። ወዲያው። አላለቀሰችም። ጌቱ ፊቱ ፈካ፤ እናቱን ከማስቀየም ዳነ። ይኸው ራሷ ፈቀደች አለኝ። እኔም ራሷ ፈቀደች አልኩ።

ጥር 25፣ አዳማ

ትተናት መጣን። መንገዱን ሁሉ ማንንም አላስመለሰውም።

ሞጆ ስንደርስ ናሆም፣ ዝግባ ልናይ ነበር የሄድነው፣ ሶሲን ልንሰጥ አይደለም አለ። አባቱ ተቆጣው። እኔ በመስኮቱ አየሁ፣ የሚታይ ነገር ሳይኖር።

ዛሬ ጠዋት እስከ ሁለት ሰዓት ተኛሁ። ማንም አልቀሰቀሰኝም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ሚኪ አልጋ ሥር፣ ቁምሳጥን ውስጥ፣ መጋረጃ ኋላ ሶሲን ይፈልጋታል። ድብብቆሽ መስሎታል። ውጪ በቃ፣ ተሸነፍኩ ይላታል።

ጥር 28፣ ቀን 8፡00

እማማ ደወሉ። ልጅቷ ወርቅ ናት አሉ። አታስቸግር፣ አትጠይቅ፣ የሰጧትን ትበላለች፣ አልጋዋን ራሷ ታነጥፋለች። ድምፃቸው እንኳ ወፍሯል። ሲስቁ ከሰማኋቸው ቆየሁ፣ ዛሬ ሳቁ።

ሶሲን አገናኙኝ። ምን በላሽ፣ እንዴት አደርሽ እላለሁ። ደህና ትላለች። ሁሉም ደህና። ብርድስ? ደህና። ከዚያ እማማ እንዳይሰሟት መሰለኝ፣ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«እማዬ፣ አሁን ትንሽ ቀለለሽ?»

ስልኩ እንደተዘጋ አንቺን ከፈትኩ።

አልተኛችም ነበር። ዝግባው ሥር ዓይኗን ጨፍና ሁሉንም ሰምታለች። እናቷ ሦስት ልጅ አልቻልኩም ስትል ሰማች፣ ራሷን ቀነሰችልኝ። ለዚህ ነው ወዲያው እሺ ያለችው። እዚያም የማታስቸግረው ለዚህ ነው፤ እማማም እንዳይደክማቸውና እንዳይመልሷት። ውይ ልጄን። ውይ እኔን።

ጥር 29፣ ንጋት 11፡40

ሶሲን ላመጣት ነው፣ መናኸሪያ የሚያደርሰኝን ባጃጅ እየጠበቅኩ ነው። ለጌቱ ትናንት ነገርኩት። ሶሲ ያለችኝን ስነግረው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እናቴን ምን ልበላት አለ። አንተ ምንም አትበላት፣ እስከ ዛሬ ያልካት ይበቃል፣ እምቢውን እኔ እላለሁ አልኩት። እሱ ከልጆቹ ጋ ይውላል። ደንበኞቹ ቢደውሉ እንኳ።

እማማ ያሳዝኑኛል። ከኛ ጋ ኑሩ ብለን ለምነናቸው ነበር፣ ባሌን ከቀበርኩበት አልነቃነቅም ብለዋል። ዛሬም እለምናቸዋለሁ፣ ዛሬም እምቢ ይላሉ። ያ ቤት ተመልሶ ጭር ይላል፣ በኔ። ሰፈሩ ልጅቷስ የት ሄደች ሲላቸው አፍረው ይቀራሉ፣ በኔ። ቢቀየሙኝ እውነታቸውን ነው።

ልጄ ግን ሰባት ዓመቷ ነው። እኔን ማሳረፍ የሷ ሥራ አይደለም። አዎ ደክሞኛል፣ ነገም ይደክመኛል። ይድከመኝ።

ለሷ የምላት ነው የቸገረኝ። ደክሞኛል ማለት አልፈልግሽም ማለት አይደለም። ክፍል ሙሉ ልጅ ሳስተምር እውላለሁ፣ ይህቺን አንድ ነገር ለሰባት ዓመት ልጅ እንዴት እንደሚያስረዷት አላውቅም። መንገድ ላይ አስባለሁ። ካልመጣልኝም ዝም ብዬ አቅፋታለሁ፣ ከዚያ

ባጃጁ መጣ።